ውሃ የቀረበለት ወርቅ

ጠዋት ተነሥቼ ግቢውን ጠረግሁ። ከመንገድ ዳር የማሽላ አጥሚትና ኩሴ የሚባለውን የአደንጓሬ ጥብስ አራት ገዝቼ ለሟቹ ባለቤቴ እናት፣ ለናና አፍራኮማ አቀረብኩላቸው። እሳቸው ኩሴውን እያላመጡ፣ እኔ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ጠርሙስ አንሥቼ በመስኮቱ ብርሃን አየኋት። ቀይ ናት። መልሼ አስቀመጥኳት።

በውስጧ ያለውን የሠራው ባለቤቴ አጄኩም ነው፣ በተጋባን ዓመት። የእናቱን የተሰበረ የጆሮ ጌጥ በአሲድ አሟሟና ከሎሚ ከሚገኝ ዱቄት ጋር በብዙ ውሃ አፈላው። ውሃው መጀመሪያ ጠቆረ፤ ቀጥሎ ከቀይ አበባ እንደሚፈላው ሶቦሎ መጠጥ ቀላ። እናቱ የኩማሲን ወርቅ ሶቦሎ የሚያደርግ ልጅ ወለድኩ እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ።

ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። የአንዲት ጸጉር ውፍረት አምስት ሺህ ቦታ ቢከፈል፣ አንዱ ክፋይ የዚያን ወርቅ ቅንጣት ያክላል። ወርቅ እዚያ ድረስ ሲያንስ ቢጫነቱን ይተዋል። ቅንጣቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ተራርቀው እስከተንሳፈፉ ድረስ ቀይ ናቸው። ጨው ወይም ማዕድን ያለው ውሃ ከገባባቸው ግን መገፋፋቱ ይቀራል። ይጠጋጋሉ፣ ሰማያዊ ይሆናሉ፣ በመጨረሻም ይዘቅጣሉ። ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ስለዚህ ጠርሙሷ በጎደለች ቁጥር የምሞላት ከላቦራቶሪ በማመጣው የተጣራ ውሃ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቀይ ሆና ቆየች፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያለ እሱ።

የዚያን ዕለት ከክፍል ስመለስ ናና መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ጠርሙሷ እጃቸው ላይ ናት፤ ከጎናቸው የጉድጓድ ውሃ የያዘ ቅል አለ። አጄኩም በሕልማቸው መጥቶ መደርደሪያው አጠገብ እንደቆመ፣ ቢያናግሩትም ዝም እንዳለ ነገሩኝ።

«ለካ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ውሃ ያልቀረበለት እንግዳ ምን ብሎ ይናገራል? የመጣበትን የምንጠይቀው ከጠጣ በኋላ አይደል?»

«አጠጡት፣ ናና?»

«በማንኪያ፣ ቀስ እያልኩ። ጠምቶት ኖሯል። እዪ ልጄ፣ ፊቱ እንኳ ተለወጠ።»

ተቀብዬ ወደ ብርሃኑ ያዝኳት። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከኩማሲው ሰፈራችን ከአይጃ ጣሪያዎች በላይ የሚታየውን ቀለም ይዛለች፣ ወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ስንት ዓመት ሲሸሻሹ የኖሩት ቅንጣቶች፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው፣ ያለ ድምፅ አንዱ ወዳንዱ ሲጠጋ የማየው መሰለኝ። እንደዚህ ያለ ነገር በዓይን አይታይም። እኔ ግን ቆሜ አየሁ።

«ምን አለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ቀለሙን የለወጠው የጉድጓዱ ውሃ መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸው ከጠርሙሷ አልተነቀለም።

«ደህና ነኝ ብሏል» አልኳቸው።

ናና ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ይህን ለማለት ሁለት ዓመት?» አሉና ሳቁ። «ዱሮም ወሬ አይወጣውም።»

በሦስተኛው ቀን ውሃው ጠራ፤ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ተኛ። ሌላ መሥራት እችላለሁ፤ የማስተምረው እሱኑ ነው።

ዛሬም ግቢውን ጠርጌ፣ አጥሚቱን አቅርቤ፣ ጠርሙሷን በመስኮቱ ብርሃን አየኋት። ወርቁ ሁሉ አለ። ቀዩ የለም።