የደመቀች ማግ

ደመቀች ጋቢውን ከሸማኔው ተቀብላ አንኮበር ቤቷ እስክትደርስ አልታገሠችም። አቀበቱ መሃል ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ዘርግታ ዳሰሰችው። ድሩ የሱቅ ክር ነው፤ ይሁን። ማጉ ግን የእሷ አይደለም! የእሷ ፈትል ቀጭንና ክርር ያለ ነው፤ ይኼ የአንዷ ሰነፍ ወፍራምና ልል ፈትል ነው። ፈታይ ደግሞ የጎረቤቷን ስም ብትረሳ የእጇን ክር አትስትም።

ጋቢው ለባሏ ለቄስ ብርሃነ መስቀል ነው። ቄሱ ከአርበኞቹ ጋር ቆላ ከወረዱ ዓመት አልፏቸዋል። ስድስት ልቃቂት ፈትላ አልዩ አምባ ለሸማኔው ለረሺድ ስትሰጥ፣ የሚለብሰው ማን እንደሆነ በጆሮው ነግራዋለች።

ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር ይባላል፤ ደመቀች ደግሞ ሳትጠረጥር ገንፎ ቀምሳ አታውቅም። ረሺድ ጋቢውን ሲያስረክባት ዐይኗን ሸሽቷል። ማጓን ለጣልያን ሰዎች ሰጥቶታል ማለት ነው። ማጓን የሰጠ፣ ባሏን ለመስጠት ምን ያግደዋል? ተነሥታ ቁልቁለቱን ተመለሰች።

ረሺድ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ መወርወሪያውን ይወረውራል። የሚሠራውን ነጭ ሸማ በጣቷ ነካችው። የእሷው ማግ!

«ሌባ! ይኼ ለየትኛው የጣልያን ሹምባሽ ነው?»

«እትዬ ደመቀች፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቀስ ይበሉ። ደጅ ባንዳ አለ።»

«ባንዳውስ አንተ! ባሌን ለማን ሸጥከው?»

ረሺድ ከጉድጓዱ ወጥቶ በሩን ዘጋ። ያን ጊዜ ነው ሸማው ጥለት እንደሌለው ያየችው።

«ለራሳቸው ለቄሱ ነው» አላት። «ከወደቁ ስድስት ወራቸው። እኔም የሰማሁት ፈትሉን ካመጡልኝ በኋላ ነው። አፅማቸውን አርበኞቹ በስውር ወደ ደብራቸው ሊያመጡት ነው። ለቅሶ ከተሰማ ባንዳ መንገድ ላይ ይይዘዋል ብለው፣ እስኪቀበሩ እንዳልነግርዎ አስማሉኝ። መግነዛቸው ግን በሌላ ሴት ፈትል እንዲሆን ልቤ እምቢ አለኝ።»

እሪ ልትል አፏን ከፈተች። ከደጅ የባንዶቹ ሳቅ ይሰማል። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈችው። በዚህ ሰው ላይ የወረወረችው ቃል አሳፈራት።

ነጠላውን ከአፏ አውጥታ፣ «ማጉ በቃህ?» አለችው።

«አንድ ክንድ ያህል ይጎድለዋል» አላት አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው የሚስትህን እንዝርትና ባዘቶ ጥጥ አምጣልኝ» አለችና መሬቱ ላይ ተቀመጠች።