ጸበል የጠጣው ቶርኖ

ሸዋ በር አካባቢ አናጢውን ጌታቸውን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የስንቱን ቤት በር፣ የስንቱን ሙሽራ አልጋ የሠራ ሰው ነው። ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ልማዱ ሆነ። አንደበቱ ተመልሶለታል፤ በከዘራም ቢሆን ይራመዳል። ግራ እጁ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል። መጋዝ በአንድ እጅ አይሳብ፣ መላጊያ በአንድ እጅ አይገፋ።

ሚስቱ ጽጌሬዳ ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ያው እዚያው ታገኘዋለች።

"ደህና አደርክ?"

"ይመስገን" ይላል፣ ለግድግዳው።

ልጃቸው ማርታ ትዳሯ ድሬዳዋ ነው። ዐቢይ ጾም እንደገባ ደውላ ቁርጡን ለእናቷ ነገረቻት።

"እማዬ፣ ከፋሲካ በኋላ መጥቼ አባዬን እወስደዋለሁ። አንቺም አብረሽ ትመጫለሽ። ወርክሾፑን አከራዩት።"

"ድሬ ሄዶ ምን ይሠራል?"

"እዚያስ ምን እየሠራ ነው?"

ጽጌሬዳ ባሏን ታውቀዋለች። ከመሣሪያው ተለይቶ ሰው ቤት ከተቀመጠ፣ የልጁም ቤት ቢሆን፣ ዳግመኛ አይነሳም። ልጅቷ ክፉ አላሰበችም፤ ለአባቷ አዝና ነው። እናትየው ግን ስልኩን ዘግታ፣ "መድኃኔዓለም፣ አንተ አንድ ነገር አሳየኝ፤ መቅረዝ አስገባልሃለሁ" አለች።

አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ በጀጎል ጠባብ መንገድ ወደ ቤቷ ስታቋርጥ፣ አብዱልፈታ ደጃፉ ላይ አሮጌ ብረት ከሚገዛው ቁራሌው ጋር ሲነጋገር ደረሰች። አብዱልፈታ ሞተር ጠምዛዥ ነው፤ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕም የወፍጮ ሞተርም እሱ ጋ ነው የሚሄደው። ከበሩ ውስጥ ዝገት የበላው ረጅም ብረት ተጋድሟል። ጽጌሬዳ አወቀችው። የአብዱልፈታ አባት እንጨት ይቀርጹበት የነበረው ቶርኖ ነው።

አዲስ ሙሽራ ሳለች ጌታቸው የሚቀረጽ የአልጋ እግር አስይዞ ወደዚህ ቤት ይልካት ነበር። እንጨቱ በሁለት ሹል ብረት መሀል ተወጥሮ ሲሽከረከር፣ ሽማግሌው መሮውን ማስደገፊያው ላይ አድርገው ጠጋ ሲያደርጉት፣ ልጣጩ እየተጠቀለለ ሲወርድ ቆማ ታይ ነበር። በመጨረሻ ዘመናቸው የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻይ ሲጠጡ እንኳ ግማሹ ልብሳቸው ላይ ነው የሚቀረው። ቶርኖው ጋ ሲቆሙ ግን ክብደቱን የሚሸከመው ማስደገፊያው፣ የሚዞረውም እንጨቱ ራሱ ስለሆነ፣ ሥራቸው ልስልስ ብሎ ይወጣ ነበር። አንድ ደህና እጅ ካለ፣ ሌላው ላዩ ላይ ጫን ቢል ይበቃል።

ይሄ እዚያው ደጃፍ ላይ ትዝ አላትና ቆመች።

"አብዱልፈታ፣ ልትሸጠው ነው?"

"ልጥለው ነው ይበሉኝ እትዬ ጽጌ። ቦታ ዘጋብኝ።"

"ለእኔ ሽጥልኝ።"

ቁራሌው ሳቀ። "ማዘር፣ ይሄ እኮ በርበሬ አይወቅጥም።"

"አንተን አላናገርኩም፣ ልጄ።"

የአብዱልፈታ እናት እማማ ናፊያ ከውስጥ ሰምተው ቀስ እያሉ ወጡ። ግቢው ውስጥ ባለች አጭር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አግዳሚዋ ሦስት የተቀረጹ እግሮች አሏት፤ አራተኛው ድንጋይ ነው።

"ለማን ነው የምትገዢው?" አሏት።

"ለጌታቸው ነው፣ እማማ።"

"ታሟል ሲሉ ሰማሁ።"

"ታሟል። ለዚያ ነው።"

እማማ ናፊያ ብረቱን አዩት፣ እሷንም አዩዋት። "ባሌ ይቺን አግዳሚ ሳይጨርስ ነው አላህ የወሰደው። ይሄ ልጄ ደግሞ ከሞተር በቀር እንጨት አያውቅም። በድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረጀሁ። ቶርኖውን ውሰጂው፤ ባልሽ ካስነሳው ግን መጀመሪያ የሚያወጣው የእኔን እግር ነው።"

"ኡሚ፣ የአግዳሚውን እግር በይ" አለ አብዱልፈታ። "ሰውዬው ሐኪም አይደለም።"

ቁራሌው እያጉረመረመ ሄደ። አብዱልፈታ ቶርኖውን በብረት ዋጋ ለቀቀላት፤ አንድ የቆየ ሞተርም መረቀላት። ወዛደሮች ተሸክመው በጠባቡ መንገድ ሲያልፉ ሰዉ ግድግዳ እየተለጠፈ አሳለፋቸው፤ ከዚያ በጋሪ ሆኖ ቤት ገባ።

ጌታቸው ብረት ሲጎተት ሰማ።

"ምንድን ነው?"

"ቶርኖ ነው። የአብዱልፈታ አባት ቶርኖ።"

"አብደሻል" አለ፣ ለግድግዳው።

እሷም ነጠላዋን አውልቃ፣ አሮጌ ቀሚስ ለብሳ፣ አመድና የድስት መፈግፈጊያ ይዛ ብረቱን ትፈገፍገው ጀመር። ድምፁ ጥርስ ያማል። ጥቂት እንደቆየች ከውስጥ ተጠራች።

"ጽጌ፣ ድስት መሰለሽ እንዴ?"

"ታዲያ በምን ላድርገው?"

"በናፍጣ ነክሪው። ይደር። ዝገት በጉልበት አይለቅም።"

እሷም በናፍጣ ነከረችው። በማግስቱ ደግሞ አውቃ፣ ቡሎኑን በማይሆነው መፍቻ ስትታገል የከዘራው ኳኳታ ተሰማት። ጌታቸው በሩ ላይ ቆሟል። "አምጪው እዚህ፣ ልትሰብሪው ነው" አለ። እሷም አቀበለችውና ሽሮዋን ልታይ ገባች። ሽሮዋ ግን ገና እሳት ላይ አልተጣደም።

ከዚያ ወዲያ ጾሙን ሙሉ ቶርኖው ላይ ዋለ። በቀኝ እጁ ይፈታል፤ ግራው የሚያስፈልግ ጊዜ እሷን ይጠራል። እሷም ቡሎን ከዳዶ፣ ኩሽኔታ ቺንጋ ከሚዞርበት ፑሌጃ መለየት ቻለች። አልዞር ብሎ የቆየው ዘንግ በግራሶ ቅባት ብዛት እሺ አለ። ዘንጉን በሚያዞረው በተበጠሰው ቺንጋ ምትክ ሌላ ከሸዋ በር ገበያ ፈልጋ አመጣች። አንዳንድ ቀን ይደክመውና "ተይው፣ የብረት ሬሳ ነው" ይላል። እሷ ደግሞ "ሬሳውንስ ገንዘን እንቅበረው" ትለውና ብሩሹን ታቀብለዋለች። ግራ እጁ ግን ያው ነው። አይሞክረውም፤ አያየውምም።

ለሆሳዕና ዋዜማ ሲቀርብ ሥራው አለቀ። ሞተሩ ታሰረ። መሣሪያው የሚሄድባቸውን ሁለት ሐዲዶች በብርጭቆ ወረቀት ወልውሎ እንደ መስታወት አደረጋቸው። "ቅባቱን ነገ እቀባውና እናስነሳዋለን" ብሎ ደክሞት ገባ።

እንግዲህ ጽጌሬዳ ምን አለች? ሰው ቤት ሲሠራ ጸበል ይረጫል፤ መኪና ሲገዛም ይረጫል። ቶርኖ ከማን ያንሳል? በሃይላንድ ጠርሙስ የቀዳችውን ጸበል አወጣች። በስመ አብ ብላ ሐዲዱን ረጨች፣ ዘንጉን ረጨች። ሞተሩ ላይ ስትደርስ፣ ዋናው ጉልበት ያለው እዚህ ነው ብላ የቀረውን በሙሉ ገለበጠችበት። አቡነ ዘበሰማያት ደግማ፣ ደስ ብሏት ተኛች።

ጠዋት ጌታቸው ቀድሞ ወጣ። ሐዲዱ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ቀልቷል። ምን እንደሆነ ሳይገባው ሶኬቱን ሰካና ማብሪያውን ተጫነ። ሞተሩ አንዴ ቡፍ አለ፤ የቤቱ መብራት በሙሉ ጠፋ።

"ማነው ውሃ ያፈሰሰበት?"

"ውሃ አይደለም" አለች ጽጌሬዳ ከኋላው። "ጸበል ነው።"

"ሞተር ለይቶ ያውቃል?" ድምፁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። "ጸበል ለሰው ነው። ለብረት ቅባት ነው። ስንት ዘመን የአናጢ ሚስት ሆነሽ፣ ሴትዮ፣ በአንድ ሌሊት ጾሙን ሙሉ የሠራሁትን..."

ይሄን ድምፅ ከሰማችው ቆይታለች። የድሮው ጌታቸው ድምፅ ነው። ልቧ ግማሹ ፈራ፣ ግማሹ ደስ አለው። እሱ ግን ንግግሩን ሳይጨርስ ጨርቁን ወርውሮ ገባ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። ያኔ ደስታዋ ጠፋ። ግድግዳው ነው የታያት፤ ከግድግዳው በኋላ የማርታ መምጣት፣ ከዚያ ድሬ። በገዛ እጄ፣ ያውም በጸበል፣ አለች። ነጠላዋን አንስታ ወደ ጀጎል ከነፈች።

አብዱልፈታ ነገሩን ሲሰማ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"ስንት አጠጡት?"

"አትሳቅብኝ። አንድ ሃይላንድ።"

"ወላሂ፣ እንደዚህ የጠገበ ሞተር አይቼ አላውቅም። ይምጡ እስቲ።"

መፍቻውን ይዞ ተከተላት። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሽር፣ ሽር የሚል ድምፅ ሰሙ። ጽጌሬዳ አንገቷን አሰገገች። ጌታቸው ተመልሶ ወጥቷል። በቀኝ እጁ ጠርዙን ተደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እያጉረመረመ ዝገቱን ይፈገፍጋል። ብርጭቆ ወረቀቱ ያለው ከግራ መዳፉ ሥር ነው። እጁ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። በንዴቱ እጁ የታመመ መሆኑን ረስቶታል።

አብዱልፈታ አፉን ሊከፍት ሲል ክንዱን ቆነጠጠችው። ከተናገሩት የሚጠፋ መሰላት። እዚያው በር ላይ ቆማ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ አሳለችና ገቡ።

አብዱልፈታ ሞተሩን ፈትቶ ሽቦውን አሸተተ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው። "ጋሽ ጌታቸው፣ አልተቃጠለም። ጠጥቶ ነው እንጂ። ከሰዓት በኋላ ይነሳል፣ ኢንሻአላህ።" ከዚያ ወደ ጽጌሬዳ ዞረ። "እትዬ ጽጌ፣ እናንተ ጋ የተባረከ ዘይት የለም?"

"ቅብዐ ቅዱስ አለ እንጂ።"

"እንግዲህ ሌላ ጊዜ እሱን ነው የሚቀቡት። እናንተም ትባርካላችሁ፣ ብረቱም አይዝግም።"

ጌታቸው በግማሽ አፉ ሳቀ። ግማሹ ገና አልታዘዝ ብሎታል፤ ግን ሳቅ ነበር።

ሞተሩ ከሰዓት በኋላ ተነሳ። የመጀመሪያው እንጨት መሮው ነክሶት በረረና ቆርቆሮውን መታ። ጽጌሬዳ በስመ አብ አለች። ሌላው መሀሉ ላይ ተሰበረ። "ሽማግሌው የነገሩኝን ረስቼው ነው" አለ ጌታቸው፤ "መሮውን አትግፋው፣ እንጨቱ ይምጣልህ ነበር የሚሉኝ።" ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ቶርኖውን አቁሞ ስግደቱን ተቀምጦ ሰገደ። ፋሲካ አልፎ ወይራ አስመጣና እንደገና ጀመረ።

ማርታ ስትመጣ አባቷን አልጋው ላይ አጣችው። ወርክሾፑ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ለብሶ አገኘችው። ቀኝ እጁ የመሮውን እጀታ ይዟል፤ ግራው ላዩ ላይ ጫን ብሏል። እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ግን አለ። ብዙ ቆማ አየችው።

"አባዬ፣ ልብስህን ላዘጋጅ?"

"የእማማ ናፊያን እግር ሳልጨርስ የትም አልሄድም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ለእናትሽ የስለት መቅረዝ አለ። ወንበር ላይ ያለውን ብርጭቆ ወረቀት አቀብዪኝ እስቲ።"

እሷም አቀበለችው። የአባቷን ልብስ ልታሽግበት ያመጣችው ትልቅ ሻንጣ በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ በኋላ ጽጌሬዳ የፍቅፋቂ ማዳበሪያ ደረደረችበት።

የአግዳሚዋን እግር ወደ ጀጎል ይዘው የሄዱት ሦስቱም ሆነው ነው። ጌታቸው በየጥጉ እያረፈ በከዘራው ደረሰ። አብዱልፈታ ድንጋዩን አወጣና እግሩን አስገባ። እማማ ናፊያ በመዳፋቸው ሦስቱን የድሮ እግሮች ዳበሱ፣ ከዚያ አዲሱን።

"ይቺ ትንሽ ወፈረች።"

"ግራ እጄ ነው ያወፈራት" አለ ጌታቸው። "የሚቀጥለው ይሻላል።"

"ትወፍር። የምቀመጠው እኔ ነኝ።" ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ፤ ወዲያ ወዲህ ብለው ሞከሯት። አልተነቃነቀችም። "አልሐምዱሊላህ። አላህ እጅህን ይባርከው። ሁለቱንም።"

ጽጌሬዳ፣ "አሜን" አለች።

ማርታ ስልኳን አውጥታ ራቅ አለች። ባሏን ነው የምታናግረው። "አይ፣ ብቻዬን ነው የምመለሰው" ስትል እናቷ ሰማች። "አባዬ ሥራ ይዟል።"