ብሎን ካልጮኸ

...ድምፅ ደግሞ ድምፅ ነው፣ ድምፅ ሰው አይገድልም፣ ይላል አዘዘ ለራሱ፣ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እጁ ከጸዳ ቆይቷል፣ ግን ይጠርጋል። ቀጭ። እንደ ደረቅ ጭራሮ። ጠዋት፣ የሞተር ሳይክሉን መሪ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ያችን የመጨረሻ ሩብ ዙር ሲጨምር። ማን ጨምር አለው? ጋሽ ገድሉ ናቸዋ፣ ሥራ ያስተማሩት፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ብሎን ካልጮኸ አልጠበቀም ብለው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እስኪጮህ ሲያጠብቅ ኖረ፣ ብረት ነበራ፣ ብረት ይጮሃል፣ ይችለዋልም። ይሄ መሪ ግን ብረት አይደለም። ካርቦን ፋይበር ነው፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ፣ ስድስት ወር ተጠብቆ ከዱባይ በሰው ሻንጣ የመጣ። ጨርቅ ነው እኮ አዘዘ፣ ክር ነው፣ በሙጫ የደረቀ ክር፣ ብላዋለች ርሆቦት፣ የሞተሩ ባለቤት፣ ኮሌጅ የምታስተምረውም ስለ ክርና ጨርቅ ነው፣ መለኪያ ያለው መፍቻ ሳይቀር ገዝታ ሰጥታዋለች፣ በዚህ እሰረው፣ ቁጥሩን እንዳታልፍ። እሱስ ምን አላት? እጄ ሚዛን ነው እቴ። ሚዛን! መፍቻው ከነሽፋኑ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

አሁን ሞተሩ ላይ ናት፣ ጓንቷን እየሳበች፣ መራዊ ደርሳ ልትመለስ፣ ያ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መቶ አርባ ትነዳለች፣ ያውቃታል፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ ከሐይቁ ዳር መጥተው ስልካቸውን ደግነዋል፣ አዜ አንተ እኮ ቀውጢ ነህ፣ ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ሞተር አይታ አታውቅም፣ ይሉታል፣ ፈገግ ይላል፣ በጥርሱ ብቻ።

ብረት ቢሆን ይጎብጥ ነበር፣ ጎብጦ ያስጠነቅቃል፣ ይሄ ኩሩ ነው፣ አይጎብጥም፣ ቆይቶ ቆይቶ አንድ ጊዜ ለሁለት መሰበር ነው፣ ቆጋ አካባቢ፣ አህያ መንገድ ገብታባት ፍሬን ስትይዝ፣ ክብደቷን ሁሉ ስትጥልበት፣ መሪው ተገንጥሎ እጇ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ... ኧረ ተው። ምንም አይታይም። አይቷል፣ በስልክ መብራት፣ በጥፍሩ፣ ልስልስ ነው። በሳንቲም መታ መታ ሲያደርገው ግን ግራው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ቀኙ፣ ማሰሪያው ሥር፣ ድምፁ ድፍን ያለ ነው። ሙጫው ይሆናል። ቅድምስ እስከ ዓባይ ድልድይ ሄዳ ተመልሳ የለ፣ እየሳቀች፣ ክንፍ ነው የሠራህልኝ ብላ፣ ያኔ ያልተናገርህ ሰውዬ አሁን በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት? ካፈርሁ አይመልሰኝ። አዎ፣ አፍሯል፣ ፈርቷልም።

አዜ፣ ልሂድ?

ሂጂ በላት። አንዲት ቃል ናት። ሂጂ። ጨርቁ ከእጁ ይወድቃል፣ እግሩ ሳያማክረው ይሄዳል፣ ቁልፉን ይነቅላል፣ ሞተሩ ጸጥ። ምነው? ሰበርሁት፣ ይላል፣ መሪውን ሰበርሁት። ሄልሜቷን ታወልቃለች፣ ጎንበስ ብላ ታያለች፣ የቱ ጋ? አይታይም፣ ሲሰበር ሰምቼዋለሁ። ሾፌሮቹ ይስቃሉ። እሷ አትስቅም፣ ቀስ ብላ ከሞተሩ ትወርዳለች፣ ፊቱን ታየዋለች፣ መቼ ነው የሰማኸው አዘዘ፣ ድልድዩ ደርሼ ከመምጣቴ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

በኋላ በላት፣ ማን ያውቃል፣ ማን ሰምቷል ካንተ በቀር፣ በኋላ፣ በኋላ...

በፊት፣ ይላል።