ከጉልበት በታች አሥር ሳንቲሜትር

ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ ሲለካ ኖሮ፣ ከሱቁ ደረጃ ወድቆ ራሱን በተመታ በማግስቱ እሱም በተራው ተለካ፤ ያውም ባቱን።

የምትለካው ሆስፒታል የተኛበት ክፍል ነርስ ናት። አስታማሚዎች ዞር ስትል “ሜትሯ” ይሏታል፣ ፊት ለፊቷ ግን “ሲስተር” ነው። በመጀመሪያው ቀን ከጉልበቱ ሎሚ በታች አሥር ሳንቲሜትር ቆጥራ፣ በሁለቱም እግሮቹ ላይ በእስክሪብቶ አሰመረች። ከዚያ በየማለዳው እየመጣች በመስመሩ ላይ ሜትሯን ታዞራለች፤ ቀኙን አስቀድማ፣ ግራውን አስከትላ።

“ስንት ወጣ ጋሼ?”

“ሠላሳ ስድስት።”

“ትናንትስ?”

“ሠላሳ ስድስት። አንቺ ግን ሜትር ስትይዢ ታላያለሽ። እኔ ጋ ብትቀጠሪ በሳምንትሽ አባርርሽ ነበር።”

ለካ በአንድ ሜትር ሁለት ነገር ነበር የምትለካው፤ እግሩንም አእምሮውንም። ይህ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነውና ሌላ ሰው እንዲያስታምመው አልፈለግሁም። ሐኪሞቹ ሲዞሩ ከግርጌ ቆሜ አዳምጣለሁ፤ ያልገባኝን እይዝና ሲስተርን እጠይቃታለሁ። አንድም ቀን ሰልችቷት አላየሁም።

“እዚህ፣” አለችኝ የራሷን ግንባር እየነካች፣ “በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል ደም ፈስሷል። ያ ደም እንዲቆም እንፈልጋለን። እዚህ ደግሞ፣” ወደ እግሩ አመለከተች፣ “እንዲረጋ አንፈልግም። ተኝቶ የሚውል ሰው እግሩ ውስጥ ደም ይረጋበታል። የረጋው ተነሥቶ ሳንባው ከገባ ጊዜ አይሰጥም።”

“መድኃኒት የለውም?”

“አለው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ። ግን ከቸኮልን ራሱ እንደገና ይደማል፣ ከዘገየን እግሩ ይቀድመናል።”

“እስከዚያስ?”

“እስከዚያ እንጠብቃለን። እጃችንን አጣጥፈን ግን አይደለም።”

እውነቷን ነበር። ሁለቱም እግሮቹ ላይ እንደ ገምባሌ የሚጠመጠም ነገር አስራለታለች፤ ማሽኑ አየር እየሞላ ባቱን ጭምቅ፣ ለቀቅ ያደርገዋል። ወንድሜ “ወታደር ቤት ሳልገባ በስተርጅና ገምባሌ አስታጠቃችሁኝ” እያለ ያማርራል። ዘመድ ሊጠይቀው መጥቶ “ጩኸቱ እንቅልፍ ነሳው” ብሎ ማሽኑን ሲያጠፋ፣ ዝምታውን ከኮሪደሩ ማዶ ሰምታ ትመጣለች። አትቆጣም። ታበራውና፣ እንደገና ጭምቅ ለቀቅ ማለቱን በእጇ ዳስሳ ትሄዳለች። ስንቱ ሰው መጥራት ሰልችቶት በሚተውበት ቤት ሳይጠሩት የሚመጣ ሰው ማየት እንዴት ደስ ይላል። በልቤ ፈጣሪን አመሰገንሁላት።

ሐኪሙ ጠንቃቃ ሰው ነው። “መርፌውን አምስተኛው ቀን ላይ እናየዋለን” ብሏል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ደንበኞቹ ሊጠይቁት እንደሚመጡ ሰማን። ወንድሜ የሸሚዙ ኮሌታ ሳይተኮስ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። እግሩ ተሞነጫጭሮ ሰው ሊያየው መሆኑ ከነከነኝ። ለብ ያለ ውኃ አምጥቼ በፎጣ አጠብሁት። መስመሮቹም አብረው ሄዱ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥሁት። ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁና በግምት መልሼ አሰመርሁ። መስመር መቼም መስመር ነው ብዬ።

በማግስቱ ሲስተር መጣች። ቀኙን ለካች። ቆም አለች፤ ደግማ ለካች። “ሠላሳ አራት ተኩል።” ወደ ግራው ዞረች። “ሠላሳ ስድስት።” መዝገቧን አየች።

“ጋሼ፣ ቀኝ እግርዎ በአንድ ሌሊት ከሳ እንዴ?”

“ታጥቦ የሚሰበሰብ ጨርቅ ነው እንጂ እግር አይደለም” አላት።

“ማን አጠበዎት?”

ወንድሜ ቃል እንዳመለጠው የገባው ያን ጊዜ ነው። ወደ ኮርኒሱ አየ። “ጣሪያው አፍስሶ ይሆናል።”

ከልጅነቴ ጀምሮ ጥፋቴን ሲሸፍን ኖሯል፤ ራሱ ውስጥ ደም ይዞም አልተወም። እኔም ዝም ብል ባልከፋኝ። ባለፈው ቀን አንዱን አስታማሚ ያለ ፈቃድ ምግብ ሰጠ ብለው ከክፍሉ አስወጥተውታል። እኔንም ቢያስወጡኝ ማን አጠገቡ ይቀመጣል? ግን ሲስተር አሁንም መዝገቡንና እግሩን እያፈራረቀች ታያለች። ከኔ ዝምታ የእሱ እግር ይበልጣል።

“እኔ ነኝ። መስመሩም የኔ ነው” አልሁ።

አልገሠጸችኝም። ጎንበስ ብላ ከጉልበቱ ሎሚ ጀምራ አሥር ቆጠረች። የኔ መስመር ከዚያ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ባቱ መቅጠን በሚጀምርበት ላይ ነበር። በትክክለኛው ቦታ ቀኙ ሠላሳ ስድስት ሆነ። ግራው፣ ከወደቀ ወዲህ የደከመው እግሩ፣ ሠላሳ ሰባት ተኩል።

“ቀኙ አልከሳም፤ ግራው አብጧል” አለች በቀስታ። “እንኳንም ነገሩኝ።”

“ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር።”

“ለሱ ጊዜ የለኝም።”

ሐኪሙን በኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ሁለቱን ቁጥር ነገረችው፣ የኔን ስህተት ግን በአንድ ቃል አለፈችው።

“አምስተኛው ቀን ብለን ነበር እኮ።”

“ብለን ነበር ዶክተር። እግሩ አልሰማም።”

ሐኪሙ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። መጥቶ እግሩን ዳሰሰ፣ ከዚያም ሁለት ምርመራ አዘዘ፤ እግሩን በአልትራሳውንድ፣ ራሱን በሲቲ ስካን። አልጋውን እየገፋሁ ስሄድ አፌ ባይንቀሳቀስም ልቤ ይጸልይ ነበር። ጸሎቴም አጭር ነበር፤ “በኔ ጥፋት አታድርገው።”

እግሩ ውስጥ የረጋ ደም አልተገኘም። ራሱ ውስጥ ያለውም አልጨመረም። ሐኪሙ ምስሉን ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ አየውና፣ “የራሱ ደም ቆሟል፣ እግሩ ግን ማበጥ ጀምሯል። እንግዲህ ሌላ ቀን አንጠብቅም። ዛሬ በትንሹ እንጀምር” አለ።

እኩለ ቀን ላይ ሲስተር መርፌውን ከእምብርቱ ጎን ወጋችው። ወንድሜ “ይቺን ነው እንዲህ የፈራችኋት? እኔ ከዚህ የባሰ መርፌ ጣቴ ላይ ሰብሬ አውቃለሁ” አለ። እኔ ግን የፈራሁት ከመርፌው በኋላ ያለውን ነው። ራሱ እንደገና ከደማ ምልክቱ በንግግሩ፣ በዓይኑና በእጁ ይታወቃል ብላኛለች። በየሰዓቱ እየመጣች ታናግረዋለች፣ ዓይኑን በባትሪ ታያለች፣ እጇን ታስጨብጠዋለች።

መርፌውን በወጋችው በሦስተኛው ሰዓት ስትጠራው አልመለሰላትም።

“ጋሼ።”

ከወንበሬ ተነሣሁ። ትከሻውን ነካችው። “ጋሼ፣ ይስሙኝ።”

አንድ ዓይኑን ገለጠ። “በየሰዓቱ ‘ደረሰልኝ ወይ’ የሚል ደንበኛ፣” አላት፣ “ልብሱ መጨረሻ ነው የሚደርስለት።”

ሳቀች፤ በአራት ቀን ውስጥ ስትስቅ ያየኋት የዚያን ጊዜ ነው። ባትሪውን አብርታ ሁለቱንም ዓይኑን አየች። ቀኝ እጁን አስጨበጠችው። ከዚያ ግራውን፣ የደከመውን፣ በመዳፏ ያዘችና ጠበቀች። ጣቶቹ ቀስ ብለው ታጠፉ፤ ጨበጣት።

“ጉልበቱ ከጠዋቱ አላነሰም” አለችኝ። ሰዓቱን ጻፈችና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።