የረቡዕ ውሃ

ይሄን ሁሉ ዓመት የውሃ ቫልቭ ሳዞር ኖሬ አንድም ቀን «ጂራታ፣ እግዜር ይስጥህ» ያለኝ ሰው የለም። ውሃ ሲመጣ ሁሉም ወደ ጀሪካኑ ይሮጣል። ሲጠፋ ግን እኔንም እናቴንም ነው የሚሰድበው። ጉድጓድ ውስጥ እወርዳለሁ፣ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ጉልበቴን እያሸሁ እወጣለሁ። ምን ሠራህ ብባል የማሳየው የለኝም።

ስለዚህ ልለቅ ነበር። የሚስቴ ወንድም ጉተማ ሳሪስ አቦ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ከፍቶ «ና፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ ትሸጣለህ» ካለኝ ወር አልፎታል። ማክሰኞ ዕለት የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ላስገባው ነው። ከዚያ በፊት የቀረችኝ አንዲት ሥራ ብቻ ነበረች፦ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የአቃቂ በሰቃን መስመር መክፈት።

የበሰቃና የገላን ኮንዶሚኒየም ቫልቮች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። የገላን ተራ ረቡዕ ንጋት አስራ አንድ ተኩል ነው። እኔ ሆዬ፣ ልቤ ጉተማ ሱቅ ሄዶ፣ እጄ የገላንን አዞረ!

ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ገላን ማክሰኞ ሲሆን ቧንቧ የሚዘጋ ሰው የለም። ንጋት ላይ ሲመጣ ድምፁ ይቀሰቅሰኛል ብሎ ከዋዜማው ከፍቶ ይተወዋል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። አራት ሰዓት ላይ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ደወለልኝ።

«ኧረ በሕግ! ሕንጻው ሊሰጥም ነው!»

የገላንን መክፈቴ ያኔ ገባኝ። ወደ ጉድጓዱ ተመልሼ የገላንን ዘጋሁ፣ የበሰቃን ከፈትኩና ባጃጅ ይዤ ከነፍኩ።

አራተኛ ፎቅ ያለችው እየሩሳሌም ፋብሪካ ሄዳለች፣ በሯ ተቆልፏል፣ ውሃው ከበሩ ሥር ይወርዳል። ከሥሯ ያለው የእማማ ጠጄ ቤት ጣሪያው ይንጠባጠባል፣ ፍራሻቸው በስብሷል። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው በጆግ ይጨልፋሉ። ደረጃው ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እኔ መሆኔን ሳያውቅ፣ የውሃ ሠራተኛ ይረግማል።

«ሰክረው ነው እኮ የሚከፍቱት!» አለ አንድ ጎልማሳ።

«ተው አንተ!» አሉ እማማ ጠጄ ቀና ብለው። «ይሄን ያደረገው የኛ ሰውዬ አይደለም። የኛ ሰውዬ ረቡዕ አስራ አንድ ተኩል ሲል ነው፣ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። በውሃው ድምፅ ተነስቼ ነው ጸሎቴን የማደርሰው። ዛሬ ሌላ ሰው ተክተው ይሆናል። ምነው፣ አሞት ይሆን እንዴ? እመብርሃን ትማረው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መወልወያ አንስቼ መጥረግ ጀመርኩ። ጎረቤቱ እያጉረመረመ ተበተነና ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«እማማ» አልኳቸው። «ሰውየው አላመመውም። እኔ ነኝ።»

ጆጉን አስቀመጡት።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ተሳሳትኩ። ይቅር ይበሉኝ። ለማንኛውም ከነገ ጀምሮ የለሁም፣ ሥራውን ልለቅ ነው።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሰሞን ይህንኑ ለአለቃዬ ለአቶ ፈቀደ ስነግረው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ደብዳቤህን መዝገብ ቤት አስገባ» ነበር ያለኝ። እማማ ጠጄ ግን ደነገጡ።

«ውይ! ታዲያ ነገ ማን ሊከፍትልን ነው?»

እንባዬ መጣ። ምን አባቴ ላድርግ፣ ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ደክሞኝ ነበር፣ አሁንም ደክሞኛል። የጉተማ ወንበር ምቹ እንደሆነም አላጣሁትም።

«እኔ» አልኳቸው።

«በሰዓቱ?»

«በሰዓቱ።»

«እንግዲያው ያንን ጫፍ ያዝ» አሉኝ፣ ፍራሹንም በረንዳ ላይ ልናሰጣው ተሸክመን ወጣን።