ኮምፒውተሩን ዳገት ማስወጣት

የኮምፒውተር ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዴስክቶፖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይርገበገባል። ሌላው የቢሮ ዕቃ የነበረ፣ ጥቁር፣ ጥጉ የተፈገፈገ። የሕንፃ ንድፍ ሠሪዋ ዓይን ገና ከበሩ ላይ ያረፈው በባለ መብራቱ ላይ ነበር።

መሥሪያ ቤቷን ለቃ የራሷን ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋን፣ ባለ አምስት ፎቅ ክሊኒክ፣ ሰኞ ታስረክባለች። ቤት ያለው ላፕቶፕ ንድፉን ገና ሲከፍት ነፍሱን ይስታል። ዛሬ የምትገዛው ካልሆነላት ሌላ የምትገዛበት አቅም የላትም፤ ደንበኛውም ሌላ ቀን አይሰጣትም።

አባቷን ያስከተለቻቸው ዕቃውን በመኪናቸው እንዲያደርሱላት ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። መኪናን ጭነው ዳገት ሳያስወጡ «ደህና ነው» የሚል ቃል ከአፋቸው ስለማይወጣ ጓደኞቻቸው «አባ ዳገት» ይሏቸዋል።

«ይሄ አውሬ ነው» አለ ባለሱቁ መስታወቱን መታ መታ እያደረገ። «ራሙ አሥራ ስድስት ጊጋ ነው። ፊልም እንዴት እንደሚያጫውት እዪልኝ፣ እህቴ።»

«ፊልም እኮ ቁልቁለት ነው» አሉ አባቷ። «ቁልቁለት ማን ይለግማል? ጭነትሽን አምጪ እስቲ።»

ፍላሿን ሰካች። ክሊኒኩ ወዲያው ተከፈተ። ሕንፃውን ወዲህ ወዲያ ብታዞረው አንዴም አልተንገጫገጨም። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

«በቃ አባዬ፣ ይሄ ነው።»

«ገና መች ሞቀ? መኪና ቀዝቅዞ ሕመሙን አይናገርም። ሥሪበት።» ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ባለሱቁ ሳቅ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሞተር የለውም።»

«ፋን አለው አይደል? ታዲያ ምን ሊያበርድ ገባ?»

ንድፉን ከነፀሐዩና ከነጥላው ፎቶ አስመስሎ እንዲያወጣ አዘዘችው። መጀመሪያ ገሰገሰ። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ፋኑ ማፏጨት ጀመረ፤ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በግማሽ ወረደ። አባቷ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ቶሎ አነሱ።

«ትንፋሽ አጠረው» አሉ፣ ያዘኑለት ይመስል።

ባለሱቁ አንገቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲህ አስሠርቼው አላውቅም።»

ፍላሿን ነቅላ ጥቁሩ ላይ ሰካች፤ የሱ ራም ስምንት ጊጋ ብቻ ነው። ክሊኒኩን እያቃሰተ ከፈተና ቀጥ አለ፤ ራሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ተስፋ ከመቁረጧ በፊት ግን አንዱን ፎቅ ብቻ ነጥላ ሰጠችው። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሠራ፤ ፍጥነቱ ንቅንቅ አላለም፣ የፋኑም ድምፅ አልተሰማም።

«አባዬ፣ ሞተሩ ጠንካራ፣ የጭነት ቦታው ጠባብ የሆነ መኪና ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?»

«የጭነት ሳጥኑን እቀይራለኋ። ልኩ ይግጠም እንጂ።»

ወደ ባለሱቁ ዞረች። «የዚያን ራም እዚህ ላይ ታስገባልኛለህ?»

ባለሱቁ ሁለቱንም ከፈተ፤ ራሞቹን ነቅሎ ጽሑፋቸውን በስልኩ መብራት አነበበ። «አንድ ዓይነት ናቸው» አለ፣ እሱም ደስ ብሎት። «እኔስ እስካሁን እንዴት አላሰብኩትም?»

አምስቱንም ፎቅ ጫነችበት። ጥቁሩ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳያቃስት ዳገቱን ወጣው። በመጨረሻ ክሊኒኩ ስክሪኑ ላይ ቆመ፤ መስኮቶቹ ላይ የጧት ፀሐይ፣ ደጁ ላይ የዛፍ ጥላ።

አባቷ መነጽራቸውን አውጥተው ጠጋ አሉ። የልጃቸውን ሥራ ቀርበው ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

ብዙ አዩት። «ለበሽተኛ ግን ደረጃው ዳገት በዛበት።»

«አሳንሰር አለው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው» አሉና መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ «ደህና ነው።»