ቢጫዋ መስመር

ሰው ሁሉ ነካኬ ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ታናሽ እህቱ ናት፤ እሷ ስም ስታወጣ ደግሞ አትስትም። የቆመ ሰዓት ካየ ይፈታል፣ ሲጢጥ የሚል በር ከሰማ ማጠፊያውን ይነቅላል፣ እንግድነት ሄዶ እንኳ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጨዋታው አይጥመውም። እሱም አልተኛላትም፣ ቁንጫ ብሏታል። ትንሽ ናት፣ ትዘላለች፣ ከያዘች አትለቅም።

ቁንጫ የምትዘለው በጄት ስኪ፣ ውሃ ላይ በሚሮጠው ሞተር ነው። ተቀምጠው ከሚንሸራሸሩበት ዓይነት አይደለም፤ ቆመው የሚነዱት፣ ማዕበል ጠብቀው አየር ላይ ወደ ኋላ የሚገለብጡት፣ ዳኛ ነጥብ የሚሰጥበት ነው። ተመልካች የሚያየው ልጅቷን ነው። ወንድሟ ግን መካኒኳም ስለሆነ፣ እሷ ስትገለበጥ እሱ የሚያየው ሞተሩን ነው። ሞተሩ አራት ወፋፍራም የጎማ ትራሶች ላይ ተቀምጦ በብሎን ከማሽኗ ወለል ጋር ታስሯል። ማሽኗ አየር ላይ ስትገለበጥ ያ ሁሉ ብረት በእነዚያ ጎማዎች ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ውሃው ላይ ስታርፍ ደግሞ እነሱኑ መልሶ ይረግጣቸዋል። አንዱ ሲላላ ጓደኛው ይሸከምለታል፣ ከዚያ ጓደኛውም ይደክማል። አንዱ ከተበጠሰ ሞተሩ ይጋደላል፣ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ተነክሶ ይቆማል፣ ማሽኗም አየር ላይ ኃይል አጥታ ነጂዋ ላይ ትወርዳለች።

ነካኬ እንግዲህ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሰው ነው። ልምምድ ባለቀ ቁጥር፣ ዘይት ጎማ ይበላል እያለ የሞተሩን ሥር በጨርቅ ይጠርጋል። አንድ ጎማ ሲያረጅ አራቱንም አንድ ላይ ይለውጣል። ጠንካራ ጎማ ገጥመህ አትገላገልም ወይ ለሚሉት፣ ጎማው አልለመጥ ካለ የሚሰነጠቀው ወለሉ ነው ብሎ ይመልሳል። ከሁሉ በላይ የሚተማመነው ግን በመስመሮቹ ነው። ከእያንዳንዱ ብሎን አናት ጀምሮ ከሥሩ እስካለው ብረት ድረስ የምትወርድ ቀጭን ቢጫ መስመር ይስላል። ብሎኑ ጥቂት እንኳ ከዞረ መስመሯ ትሰበራለች። ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ብቻ ነው፤ መፍቻ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

ችግሩ ነካኬ መፍቻ ሳያነሳ መዋል አለመቻሉ ነው። ባለፈው ውድድር ጠዋት፣ ምንም ያልሆነውን ብሎን ለማንኛውም ብሎ ሲያጠብቅ ሲያጠብቅ ጥርሱን በላው። የቁንጫ ተራ ሲጠራ ማሽኗ ተፈታታ ዳር ላይ ተኝታ ነበር። ስንት የለፋችበት ቀን እንዲያ ሆኖ ቀረ። አላርፍ ያለች ጣት ምን ጠንቁላ እንደምትወጣ አንተው ታውቃለህ አለችው፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ አላናገረችውም። በኋላ በእናታቸው ፊት ውል ገቡ፦ በውድድር ቀን ዓይን እንጂ እጅ የለም። መስመሮቹ ቀጥ ካሉ እጅ ወደ ኪስ። ነካኬም በዚህ ማለላት።

እናታቸው ታፔላ ጻፊ ናት። የመድኃኒት ቤቱ ግንባር፣ የዳቦ ቤቱ መስታወት፣ የጭነት መኪኖቹ በር ሁሉ የእጇ ፊደል ነው። የሰው ታፔላ እንኳ ተጣሞ ካየች መንገድ ትቀይራለች። ነካኬ ማን ላይ ወጣ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከልምምድ እንደተመለሱ ነካኬን ከጋራዡ አስወጥታ፣ ብሩሾቿን ዘርግታ የቁንጫን ቁጥር ማሽኗ ጎን ላይ በአዲስ ቀለም ስትጽፍ ዋለች። ቀዩን ሰባት በቢጫ ጥላ አጀበችው። ሲያዩት ቁጥሩ ራሱ የሚዘል ይመስላል።

ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቁንጫ ኮፈኑን ከፍታ ወንድሟን ጠራችው። መጀመሪያ እጁን ኪሱ እንዲከት አዘዘችው። ከተተና ጎንበስ ብሎ አየ። አራቱም ጎማዎች ላይ ያሉት መስመሮች ቀጥ ብለዋል፤ እንዲያውም እንደ ዛሬ አምረው አያውቁም። ቀጥ ብለዋል አላት። ኮፈኑን ዘግታ የደስ ደስ ትከሻውን መታ አደረገችውና ልብሷን ልትቀይር ሄደች።

ነካኬን ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለው። ምን እንደሆነ እሱም አላወቀም። ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰ። የማያውቀውን ሰው የነዳጅ ጀሪካን ክዳን አጠበቀ። የዳኞቹ ጠረጴዛ ሲወዛወዝ አይቶ ካርቶን አጥፎ ከእግሩ ሥር ሸጎጠ። አስጀማሪው፣ በፉጨትና በባንዲራ የሚያዝዘው ወፍራም ሰውዬ፣ እባክህ አንድ ቦታ ቁጭ በል ብሎ ለመነው። ቁጭ አለና ወዲያው ተነሳ። መስመሩ ቀጥ ነው፣ ታዲያ ምን ፈለግህ ብሎ ራሱን ተቆጣ። ያለ ምክንያት ቢያስቆማት ሁለተኛ ተራዋን በላባት ማለት ነው፤ ከእንግዲህ እንኳን ማሽኗን ጥላዋንም አታስነካውም። ዝም ቢልስ? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እሱ ደግሞ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ሁሉ ብረት ከላይ፣ እህቱ ከታች።

እንዲህ ሲንቆራጠጥ ቁንጫ ማሽኗን እየገፋች ወደ ውሃው አለፈችው። ዓይኑ ጎኗ ላይ ባለው ሰባት ቁጥር አረፈ። የእናቱ ቢጫ ጥላ ሲጀምር ወፈር ይልና ሲጨርስ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። የእሷ እጅ የትም ያስታውቃል። እዚያው ደርቆ ቀረ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እውነት ነው። ኮፈኑ ሥር ያሉት መስመሮችም ሲጀምሩ ወፈር፣ ሲጨርሱ ቀጠን ያሉ ነበሩ። ነካኬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስሎ አያውቅም።

እናቱ ባርኔጣዋን ደፍታ ተጣጣፊ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ የጻፈችውን ቁጥር በርቀት እያየች ደስ ብሏታል።

«እማዬ፣ ትናንት ኮፈኑን ከፍተሽ ነበር?»

«ታዲያ ዝም ልበል? ሰው ሁሉ የሚያየው ማሽን፣ ውጪው አምሮ ሆድ ዕቃው የዶሮ ጭረት። ሁሉንም ጠርጌ አደስኩልህ።»

«ስትጠርጊያቸው እንዴት ነበሩ?»

«ጠማማ ነበሩ እንጂ እንዴት ይሆናሉ፣ የአንተ እጅ አይደል? አንዷማ ጭራሽ ለሁለት ተሰብራለች። ያቺ ከኋላ በግራ በኩል ያለችው፤ ራሷ ወዲህ፣ እግሯ ወዲያ። መስመሮቹ ቀጥ ይበሉ ተባብላችሁ የለ? ቀጥ አደረግኋታ።»

ወደ ውሃው ሮጠ። ቁንጫ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ናት፤ ሞተሩ ተነስቷል፣ ሲነቀል ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ የእጇ አንጓ ላይ ታስሯል፣ አስጀማሪውም ባንዲራውን ይዞ የፊተኛው ተወዳዳሪ እስኪወጣ ይጠብቃል። ነካኬ ከነጫማው ገባ፣ ውሃው እግሩን እየጎተተው ደረሰና ገመዱን መዥረጥ አደረገው። ሞተሩ ጸጥ አለ።

እህቱ ዞራ አየችው።

«ማለህልኝ ነበር» አለችው።

ሊያስረዳት ፈለገ፣ ግን መስመሩ የእኔ አይደለም፣ የእኔ አይደለም ብቻ ይላል። እሷ ፊቷን አዞረችና ገመዱን መልሳ ልትሰካ እጇን ዘረጋች። ይኼኔ ከኋላቸው ውሃው ተንቦጫረቀ። እናታቸው ናት፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቀሚሷ ውሃው ላይ ተንሳፎ ትመጣለች። የልጇን ፊት አይታ ሁሉም ነገር ገብቷት ኖሮ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለች። «ተሰብራ ነበር። ያቃናኋት እኔ ነኝ።»

አስጀማሪው ሰባት ቁጥር ብሎ ተጣራ። ቁንጫ ባንዲራውን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ኮፈኑን ራሷ ከፈተች፣ መዳፏን ሞተሩ ላይ አሳርፋ ገፋ አደረገችው። ሞተሩ እንደ ልጅ ጥርስ ተነቃነቀ። በተገፋ ቁጥር በግራ በኩል ከኋላ ያለው ጎማ ከብረቱ እየተላቀቀ በመካከላቸው ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይከፈታል፤ ብሎኑም በእጅ ይዞራል። ሦስቱም ክፍተቱን እያዩ ቆሙ። አስጀማሪው ደግሞ ተጣራ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ቁጥር ጠራ።

ቁንጫ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለተራዋ ነው፤ ከሞት ተርፋ ምን ያስለቅሳታል የሚል ካለ እሱ ለአንድ ነገር ጓጉቶ አያውቅም። ማሽኗን ሦስት ሆነው ወደ ዳር ጎተቱ። እናታቸው ይቅርታ ለማለት አፏን በከፈተች ቁጥር ቁንጫ እማዬ ተዪው ትላታለች፣ ግን አታያትም። ውሃው ላይ ሌሎቹ ይዘላሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ነካኬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የበሰበሰ ኪሱ ውስጥ እጆቹን እንደከተተ ቀረ። መጠባበቂያ ጎማዎቹ ሳጥኑ ውስጥ እንዳሉ ያውቃል። ጣቶቹ ይቁነጠነጣሉ፣ ግን አልተነሳም። ውል ውል ነው።

ብዙ ቆይታ ቁንጫ የመሣሪያ ሳጥኑን ጎትታ መጣችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

«በል ንካ» አለችው።

ነካ። አራቱንም ጎማዎች አወጣ፣ አራቱንም አዲስ ገጠመ። ሞተሩንና ዘንጉን አንድ መስመር ላይ አስተካከለ፣ ብሎኖቹን ማጣበቂያ ቀብቶ ልካቸው ድረስ አጠበቀ፤ ልካቸው ጋ ሲደርስም ቆመ። ይህንን እናቱም እህቱም አይተዋል። የቀረው መስመሩ ነው። እናታቸው ከቦርሳዋ ቀጭኗን ብሩሽና ቢጫውን ቀለም አወጣች፣ ግን ራሷ ልትስል አልደፈረችም፤ ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት ያዘችው። ቁንጫ ተቀበለቻት። ብሩሽ ይዛ አታውቅም። ኮፈኑ ሥር አንገቷን አስግጋ፣ ምላሷን ጥርሷ መካከል ይዛ ሳለችው።

መስመሯ ከብሎኑ አናት በቀኝ ተነስታ፣ መሃል ላይ ተወላግዳ፣ ታች ስትደርስ ጠብታ ሆነች። የነካኬ የዶሮ ጭረት ከእሷ ጋር ሲነጻጸር የታፔላ ጽሑፍ ነው። ቁንጫ ቀና ብላ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

ነካኬ እጁን ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተ። የእናታቸው እጅ ግን ወደ መስመሯ መንገድ ጀምሮ ነበር። መንገድ ላይ ራሷ አስቆመችው። የምትከትበት ፈለገች፣ ቀሚሷ ኪስ የለውም፤ በልጇ ኪስ ውስጥ፣ ከልጇ እጅ ጋር ከተተችው።